ሊበጠስ የተሰፋ

መርሳ ከተማ ልብስ ሰፊ ሞልቶ ነበር፤ ፈንታው ግን አንድ ነው። በወይዘሮ ጽጌ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ የሚውል፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲሠራ አንገቱን ወደ ግራ የሚጥል ጎልማሳ። ከግራና ከተማ እስከ ወልዲያ ያለ ሰው ሱሪው ሲተረተር ደጁ ያለውን ሰፊ አልፎ ወደ እሱ ይመጣል፤ ምክንያቱም ፈንታው የሰፋው አይፈታም። ጨርቁ ይነትባል፣ ቀለሙ ይሄዳል፣ ባለቤቱም ዕድሜው ደርሶ ይሞታል፤ ስፌቱ ግን እዚያው ነው። ይህን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያወራው ራሱ ፈንታው ነበር። በዚያ በረንዳ ትሕትና ሲያልፍ የታየበት ቀን የለም።

ሙያውን የተማረው ደሴ፣ አንድ የመናዊ ሰፊ ዘንድ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ልል ስፌት አይቶ ማለፍ ግን አይሆንለትም። ልጁ ፈንታው ቀኑን ሙሉ የለፋበትን እጅጌ በሁለት እጁ ይይዝና ጭርር አድርጎ ይተረትረዋል። "እንደገና!" ይለዋል። ፈንታው እያለቀሰ እንደገና ይሰፋል፤ ያም ይተረተራል። ወደ መርሳ ሲመለስ እጁ ሌላ እጅ ሆኖ ነበር። ክር ሲስብ ጣቱ በቃህ እስኪለው ይስባል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል።

ምርቃትም አለው። ገበያ ላይ እህል የሚሰፍር ሰው ልኩን ከሰፈረ በኋላ በእጁ ዘግኖ እንደሚጨምር ሁሉ፣ ፈንታውም ለጥገና በመጣ ልብስ ላይ ሌላ የላላ ቦታ ካገኘ ሳይጠየቅ ያጠብቀዋል። አያስከፍልበትም፣ ለባለቤቱም አይናገርም። ባለቤቱ ከርሞ ራሱ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ፈንታውን ሲመርቅ ይውላል። ምርቃት የማይሰጥ ሰፊ ለሱ ከንፉግ አይለይም።

በ1963 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፤ ገበየሁ ላንድሮቨሩን በረንዳው ሥር አቆመ። ገበየሁ የፈንታው አብሮ አደግ ነው። የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ያን ሰሞን ሐራ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ለሰነበቱት ፈረንጆች ሹፌር ሆኖ ተቀጥሯል። ስለነዚህ ሰዎች መርሳ ያላወራው የለም። ወርቅ ፍለጋ ነው የመጡት ያለ አለ፤ ዝናብ ሊያስሩብን ነው ያለም አለ። ከገበየሁ ጋር አንድ ወጣት ወረደ፤ ዓለምነህ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ከፈረንጆቹ ጋር ይሠራል። ሁለቱ ተጋግዘው ትልቅ ብርቱካንማ ጨርቅ ከመኪናው አወረዱ።

"ጋሼ ፈንታው፣ ይህ ጃንጥላ ነው" አለ ዓለምነህ።

"የማን ጃንጥላ? የጎልያድ?"

ዓለምነህ ሳቀ። "ሰው አይይዘውም፤ ሳጥን ነው የሚንጠለጠልበት። ሳጥኑ ውስጥ የፀሐይን ጨረር የሚለካ መሣሪያ አለ። ወደፊት በሮኬት ከአየሩ በላይ፣ ጠፈር ድረስ ይወጣል። መውጣቱስ ይወጣል፤ ጭንቁ ሳይሰበር መመለሱ ነው። ለዚሁ አዲስ ዓይነት ጃንጥላ እየሠራን ነው። አሁን በትልቅ ፊኛ ወደ ላይ እየላክን እንሞክረዋለን። ባለፈው ሲወርድ ግራር ላይ ተሰካና ይኸው ተቦጫጨቀ።"

"ሌላ የላችሁም?"

"የለንም። ሌላ እስኪመጣ ነፋሱ ይለወጣል፤ የቀረን ጋዝም ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ነው። ይህ ካልተሳካ ሰዎቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ይሄዳሉ። የስንት ዓመት ልፋትም እዚሁ ይቀራል።"

ገበየሁ ጠጋ ብሎ የፈንታውን ትከሻ ያዘ። "ዋስ የሆንኩልህ እኔ ነኝ። ፈንታው የሰፋው ከተተረተረ እኔን አባሩኝ ብያቸዋለሁ። እንዳታሳፍረኝ።"

"ያንተን እንጀራስ በሁለት ክር ነው የምሰፋው" አለ ፈንታው፤ አፉን ሞልቶ።

ዓለምነህ የተቀደዱትን ቦታዎች በጠመኔ ከብቦ አሳየውና ቸኩሎ ሄደ። ፈንታው ጨርቁን ወደ ቤቱ ወሰደው፤ በረንዳው አይበቃውም። ሚስቱ ውባንቺ ግቢውን ጠረገች፣ ሰሌን አነጠፈች፣ ከዚያም ጫፉን ይዛ ተቀመጠች። ጨርቁ ናይሎን ነው፤ ከመርፌ ሥር እንደ ዓሣ ያመልጣል። ፈንታው ተሳደበ፣ ጸለየ፣ መርፌ ቀየረ፣ በመጨረሻም ገራው። በጠመኔ የተከበበው ሁሉ ተጠግኖ ሲያልቅ ጥሩ ሥራ እንደሠራ ስላወቀ ደስ አለው። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

አላቆመም። የጃንጥላው ገመዶች ሁሉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ሳጥኑ በሚንጠለጠልበት በኩል፣ በጨርቅ የተሸፈነ ወፍራም ነገር አለ። ሲዳብሰው ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ሽፋኑን በምላጭ በጥንቃቄ ፈታው። ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ ተደራርቧል፤ እጥፋቶቹ የተያያዙት በቀጭን ቀይ ክር ነው። ክሩን በጣቱ ሳብ ሲያደርገው ጠቅ ብሎ ተበጠሰ።

"ውባንቺ፣ ነይ እስቲ ይህን እይ። ሳጥኑ የሚንጠለጠልበት ይህ ነው። በምን ሰፉት? በሸረሪት ድር!"

"ያላዘዙህን ምን ትነካካለህ?"

"ቢወድቅ የሚጠፋው የኔ ስም፣ የሚባረረው ገበየሁ። ምን ሆነሽ ነው?"

ቀዩን ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለቅሞ አወጣው። በቦታው በሰም የታሸ ክር ድርብ አድርጎ፣ እጥፋቱን አንድ ላይ ወግቶ፣ እያጠበቀ ሰፋው። ሽፋኑን እንደነበረ መለሰ። ማንም ቢያየው የተነካ አይመስልም። ይህም ምርቃት ነው፤ ለማንም አልተናገረም።

ጃንጥላው ሲመለስ ዓለምነህና የሰዎቹ አለቃ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ አንድ ዶክተር፣ ጥገናውን እየጎተቱ መረመሩት። ዶክተሩ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ፣ የፈንታውን እጅ ጨበጠ፣ ፊኛው በሚነሣበት ቀን መጥቶ እንዲያይም ጋበዘው። ፈንታው ያንን ለመርሳ ሰው ሲያወራ ሰነበተ።

በቀኑ ገበየሁ ማልዶ መጥቶ ወሰደው። ሐራ ሲደርሱ ፊኛው ግማሽ ድረስ ተሞልቶ ሜዳው ላይ ቆሟል፤ ከቤተ ክርስቲያን ጣራ ይበልጣል። ጋዙ በቱቦ እየገባ ያፏጫል። የሐራ ገበሬዎች ተሰልፈው ገመዱን ይዘዋል፤ ከፊት ያለው የመሬቱ ባለቤት ጀብሪል ነው፤ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። ጃንጥላው ተጠቅልሎ ከሳጥኑ በላይ ታስሯል። ዶክተሩ በእንጨት ጫፍ የታሰረችውን ነፋስ መለኪያ ጨርቅ ደጋግሞ ያያል። ፀሐይ ስትበረታ ነፋስ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ፊኛውን መልቀቅ አይቻልም፣ የተሞላውንም ጋዝ መመለስ አይቻልም።

ፈንታው ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ጀብሪል ገመዱን እንደያዘ ዓለምነህን ጠየቀው።

"የኔ ጌታ፣ ይህ ሳጥን ከዚያ ሁሉ ሰማይ ሲወርድ ገመዱ እንዴት አይበጠስም?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ ዓለምነህ። "ፊኛው ከፍታው ላይ ሲደርስ ሰዓት ያለው መቁረጫ ሳጥኑን ይለቀዋል። ይወርዳል፣ ይፈጥናል፤ ከዚያ ጃንጥላው በድንገት ይከፈትና ይመነጭቀዋል። ያ ምንጨቃ ብረት ይሰብራል። የኛ አዲስ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከላይ አንድ ማሰሪያ ተጣጥፎ በደካማ ቀይ ክር ተሰፍቷል። ሲመነጨቅ ክሩ በተራ በተራ ይበጠሳል፣ እጥፋቱ ይዘረጋል፣ ጉልበቱም በዚያው እየደከመ ያልቃል። ስንት ዓመት የተለፋው ለዚያ ክር ነው። እሱ እንቢ ካለ ወይ ገመዶቹ ይበጠሳሉ፣ ወይ መሣሪያው ሳጥኑ ውስጥ ይደቃል።"

"ሱብሃነላህ! ስፌትም እንዲበጠስ ይሰፋል?" አለ ጀብሪል።

ፈንታው ክው አለ። እጁን አየ። በዚያ እጁ ለቅሞ የጣለው ቀይ ክር በዓይኑ መጣበት፤ ውባንቺ ከሌላው ጉድፍ ጋር ጠርጋ አውጥታዋለች።

ዝም አለ። ዝም ያለው ስለፈራ ነው፤ ምን ይሸፈናል። ሽፋኑን መልሶ ሰፍቶታል፣ ማንም አላየም። ምናልባት ገመዱ ይችለው ይሆናል፤ ምናልባት ፈረንጆቹ የሠሩት ነገር ሁሉ ልክ አይደለም፤ ሳጥኑ ቢደቅም የራሳቸው ስሕተት ይመስላቸው ይሆናል። ቢናገርስ? ጋዙ ገብቷል፤ ሥራው ሁሉ ይበላሻል፤ ገበየሁ ይባረራል፤ ፈንታውም ከግራና እስከ ወልዲያ መሳቂያ ይሆናል። ገበየሁ ከመኪናው ተደግፎ ሲያየው በኩራት ጠቀሰው። ፈንታው ዓይኑን ሰበረ።

የጋዙ ፉጨት ቆመ። ፊኛው ሙሉ ሆነ። ዶክተሩ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ለገበሬዎቹ ምልክት ሊሰጥ ሲል ፈንታው ሳያስበው ወደ ፊት ተራመደ።

"አቶ ዓለምነህ! ያንን ክር አውጥቼዋለሁ።"

"የቱን ክር?"

"ቀዩን። ሁሉንም። በሰም ክር ድርብ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ። እንዳይበጠስ።"

ዓለምነህ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ የሰውየውን ፊት አየና ፈገግታው ደርቆ ቀረ። "ማን አዘዘዎት?"

"ማንም። ምርቃት ነው።"

ዓለምነህ ለዶክተሩ ነገረው። ዶክተሩ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ያነሣትን እጁን ቀስ አድርጎ አወረደና ነፋስ መለኪያዋን አየ። ጨርቋ መርገብገብ ጀምራለች። ገበየሁ ከመኪናው ተላቆ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ፈንታው፣ በልጆቼ እንጀራ ተጫወትክ!" አለውና ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ፈንታው እሺ ባለ ነበር።

ጃንጥላውን አወረዱ። ከዕቃ ሣጥኑ የቀይ ክሩ ጥቅል ተገኘ፤ አብረውት የመጡት መርፌዎችም ተገኙ። ዶክተሩ አንድ ነገር አለ፤ ዓለምነህ ተረጎመው። "ይፈታውና ይስፋው ይላል። እኔና እሱ እንለካለን። ነፋሱ ከቀደመን ግን አበቃ።"

ፈንታው መሬት ላይ ተቀመጠ። የራሱን ስፌት በምላጭ መፍታት ጀመረ። አቤት ጥንካሬው! ያን ያህል የኮራበት ስፌት አሁን ጠላቱ ሆነ። ምላጩ ማሰሪያውን ከነካ ሁሉም ያበቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዷን ክር በምላጩ ጫፍ ከፍ እያደረገ ይቆርጣል። ላቡ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ይወርዳል። በላዩ ፊኛው ይንቋቋል፣ ገበሬዎቹ ይጎተታሉ፣ እግራቸው አፈሩን ያርሳል።

"አብሽሩ! አብሽሩ ወንድሞቼ!" ይላል ጀብሪል፤ መዳፉ በገመዱ ተልጦ ደም አውጥቷል። ዘወር ብሎም ለፈንታው "አንተም አብሽር! አላህ ያውቅልሃል" አለው።

ተፈታ። ዓለምነህ በማስመሪያ እየለካ በጠመኔ ነጥብ አደረገለት፤ ፈንታው የመጀመሪያውን ረድፍ በቀዩ ክር ሰፋ። ዓለምነህ የመንጠቆ ሚዛን አያይዞ ሳበው። ክሩ አልተበጠሰም።

"ጠብቋል፤ ይፍቱት።"

እንደገና ሰፋ። ዓለምነህ ሳበ፤ አሁንም ጠብቋል። ክሩ ደካማ ቢሆንም የፈንታው ጣት ሲስበው ከጨርቁ ጋር እያነቀ ያስረዋል፤ እጁ ሌላ አያውቅም። አንድ ልል ስፌት ለመስፋት ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልሞከረም።

"ላላ ያድርጉት ጋሼ፤ በማርያም ላላ ያድርጉት!"

"እምቢ አለኝ እኮ! እጄ እምቢ አለኝ!" አለ ፈንታው።

ነፋሷ ጨርቋን ቀጥ አደረገቻት። ዶክተሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያን ጊዜ ፈንታው ዓይኑን ጨፈነ። ደሴ ያለችው ጠባብ ክፍል ትዝ አለችው፤ ያ የመናዊ የተረተረበት የመጀመሪያው እጅጌ፣ ምን እንደሚሠራ የማያውቀው የልጅ እጁ። ያ ልጅ እንዴት ነበር የሚሰፋው? መርፌውን ይሰዳል፣ ክሩን ይተወዋል፤ ማጥበቅ አያውቅማ። ፈንታው መርፌውን ሰደደና ክሩን ተወው። ሰደደና ተወው። ረድፉ ሲያልቅ ዓለምነህ ሚዛኑን አያይዞ ሳበ።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ተበጠሰ።

"ይኸው ነው! እንደዚሁ ይቀጥሉ!"

ዓይኑን ገለጥ ጨፈን እያደረገ፣ እንደዚያ ሰነፍ ልጅ ሁሉንም ረድፍ ሰፋ። ሲጨርስም ክሩን ቆርጦ ማሰሪያውን ለዓለምነህ ሰጠው። ማሰሪያው ተሸፈነ፣ ጃንጥላው ታሰረ፤ ነፋሷ ለአፍታ ጋብ ስትል ዶክተሩ እጁን አነሣ፤ ጀብሪልና ጓደኞቹ ገመዱን ለቀቁ። ፊኛው ሳጥኑን ይዞ ወጣ። ማንም እልል አላለም፤ ሁሉም አንገቱን ቀልሶ ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ከድንኳኑ ውስጥ ራዲዮው የሳጥኑን ድምፅ ይቀበላል፤ ጢጥ ጢጥ ይላል። ያ ድምፅ እስካለ መሣሪያው ደኅና ነው። ገበየሁ ከሩቅ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል፤ ወደ ፈንታው አያይም። ፈንታው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ድምፁን ይሰማል። ገብርኤልን ለመነ፣ ስለትም ተሳለ፤ የተሳለውን ለማንም አልነገረም።

"ተለቀቀ!" አለ ዓለምነህ ከውስጥ። "እየወረደ ነው። አሁን ይከፈታል።"

ራዲዮው ድንገት ጸጥ አለ።

ዶክተሩ ቁልፉን አዞረ። ዓለምነህ ጆሮውን ከራዲዮው ጋር አጣበቀ። ጸጥታው ረዘመ። "ገደልኩት" አለ በልቡ። "ቀድሞ አጠበቅሁት፣ አሁን ደግሞ አላልቼ ገደልኩት።"

ጢጥ አለ ራዲዮው። ጢጥ፣ ጢጥ። ወዲያው ከደጅ የጀብሪል ጩኸት ተሰማ፤ "ያው! ያው መጣላችሁ!" እያለ ወደ ሰማይ ያመለክታል። ከመርሳ በኩል ካለው ጋራ ላይ ብርቱካንማ ነገር ተከፍቶ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ሜዳው ይወርዳል።

ሁሉም ላንድሮቨሩ ላይ ተጫኑ። ገበየሁ መሬቱን እየዘለለ ነዳ። ሳጥኑ ማሽላው በታጨደበት ማሳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዶክተሩ ተንበርክኮ ክዳኑን ከፈተ፤ ውስጥ ያለው መስታወት አንድም ጭረት የለበትም። ዓለምነህን አቅፎ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ያ ዝምተኛ ሰው እንደ ሕፃን ጮኸ።

ፈንታው ወደ ሳጥኑ አልሄደም። ወደ ማሰሪያው ሄደ። ሽፋኑ ተቀዶ፣ እጥፋቱ ሁሉ ተዘርግቶ ማሳው ላይ ተጋድሟል። በጣቱ ከጫፍ ጀምሮ ዳበሰው። ቀዩ ክር ተበጣጥሷል፤ ረድፍ በረድፍ፣ አንድ ሳይቀር ተበጣጥሶ፣ ማብቂያው ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ቀርቷል። ዓለምነህ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለና ያችን ረድፍ አየ።

"ጉልበቱ እዚህች ላይ አልቋል ማለት ነው" አለ። "ትንሽ ጠብቆ ቢሆን መስታወቱ ይደቅ ነበር። ትንሽ ላልቶ ቢሆን ይህችም ሄዳ ገመዱ ይመነጨቅ ነበር። ጋሼ፣ ይህ ማሰሪያ ወደ አገራቸው ይሄዳል። በየዕቃው ላይ የሠራው ሰው ስም ይጻፋል። የእርስዎን ልጻፍ?"

"ምን ብለህ ትጽፍለታለህ?" አለ ገበየሁ ከኋላ። ቁጣው ገና አልበረደም። "ተበጠሰ ብለህ?"

ፈንታው ቀና አለ። እንባው በሁለት ጉንጩ ይወርድ ነበር፤ ለመጥረግም አልሞከረም።

"አዎ! እንደዚያ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ። ፈንታው ሰፋው፣ ተበጠሰ ብለህ ጻፍ።"

ዓለምነህ ትንሽ ጨርቅ አወጣና ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ ከማሰሪያው ጫፍም አሰረው። ፈንታው ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ለመነው። ዓለምነህ አነበበለት። ፈንታው "አንዴ ድገምልኝ" አለው።